ወደ ፀሐይ መውጫ የተሠራው ክፍል

አሰላሙ ዐለይኩም ይመርዬ፤

ጤናህን መጠየቅ ባልችልም፣ ሰላምታ ለመቃብር ሰዎችም ይደርሳል ብለህ ያስተማርከኝ አንተ ነህና በሰላምታው ጀመርኩ። ከተለየኸን ዓመት ከሰባት ወር ሆነ። እኔና ልጅህ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ሐያት ትምህርቷን ጨርሳለች። ቁመቷ እኔን ጥሎኝ ሄዷል፤ ኩርፊያዋ ግን ያንተው ነው። ስታኮርፍ እንዳንተ ዝም ብላ ዕቃ ታጥባለች።

ይህን የምጽፍልህ ዐስርን ሰግጄ፣ መካ ሩሰይፋ ሰፈር ባለው ቤታችን ባዶ ወለል ላይ ተቀምጬ ነው። ምንጣፉ የለም፤ መጋረጃውም ወርዷል። ፍሪጁን ለታች ጎረቤቶቻችን ሰጥቻለሁ፤ ሌላው ዕቃ በካርጎ ከሄደ ሳምንት ሆነው። ነገ ከጂዳ እንሳፈራለን። የኮምቦልቻው ቤት አልቋል፣ የሐያት አባት። ቆርቆሮው ተመትቷል፣ በሩ ተገጥሟል፣ ውሃም ገብቷል። ወንድምህ አሊ በስልክ እየቀረፀ ከክፍል ወደ ክፍል ሲያዞረን ሐያት ትስቃለች። እኔ ግን ይህ ሁሉ ቤት የማን ነው እያልኩ ባለቤቱ ብቅ እስኪል እጠብቅ ነበር። አሊ የበሩን ቁልፍ ወደ ካሜራው አስጠግቶ ሲያሳየኝ ነው የኛ መሆኑ የገባኝ። ሱብሐነላህ አልኩና ባለሁበት ተቀመጥኩ።

ደስ ብሎኛል፤ ደስታዬን ካንተ አልደብቅም። ግን ይህን ቤት መተዉ እንዲህ ይከብደኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ጂዳ ማዳም ቤት ስድስት ዓመት ስሠራ ቁልፍ በእጄ ነክቼ አላውቅም። በሩ የሚከፈትልኝም የሚዘጋብኝም በሰው እጅ ነበር። ከተጋባን በኋላ እዚህ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ አምጥተህ ቁልፉን መዳፌ ላይ ስታስቀምጥልኝ ምን እንዳደረግኩ አትረሳውም። አንተን ደጅ አቁሜ ገብቼ ቆለፍኩ፤ ከፈትኩ፤ ደግሞ ቆለፍኩ። ሲበቃሽ ታስገቢኛለሽ አሚናት ብለህ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለህ ጠበቅከኝ። ኪራይ መሆኑን ብትነግረኝም እኔ ያን ቀን የቤት ባለቤት የሆንኩ መስሎኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር እስከ ዛሬም ይመስለኛል።

ሐያት ደግሞ የባሰ ናት። እዚሁ ተወልዳ ኮምቦልቻን የምታውቀው በስልክ ብቻ ነው። ባለፈው ልብስ እያጠፍን ሳለ ማማ፣ አንቺ ወደ ቤትሽ ትሄጃለሽ፣ እኔ ደግሞ ከቤቴ እወጣለሁ አለችኝ። ከበሩ ኋላ ቁመቷን እየለካህ በእርሳስ ያሰመርክበትን ግድግዳ ቀለም ቀቢው ነገ ይሸፍነዋል። በስልኳ ፎቶ አንስታዋለች፤ አንስታ ስታበቃ ዕቃ ልታጥብ ገባች። ያን ጊዜ የቀረን ዕቃ ሁለት ብርጭቆ ነበር።

አንተስ ብትሆን መቼ በራስህ ወለል ላይ ተራመድክ። ዕድሜህን ሙሉ የሰው ቤት ሴራሚክ ስታነጥፍ ኖርክ። ጂዳ ባሕር ዳር ወስደኸን ስናልፍ ፎቆቹን በጣትህ እያሳየህ የዚያኛው ሳሎን የኔ ነው፣ የዚህኛው ማዕድ ቤት የኔ ነው ትለን ነበር። ሐያት በልጅነቷ እውነት መስሏት አባቴ ጂዳ ላይ አሥር ቤት አለው ብላ ለትምህርት ቤት ጓደኞቿ አውርታ ጉድ አፍልታብናለች። ስትሠራ ክር ትወጥራለህ፣ ውሃ ልኩን ታስቀምጣለህ፣ አንድ ዓይንህን ጨፍነህ ታያለህ። የግማሽ ጣት መዛነፍ ካየህ ማታ የለም ጠዋት የለም፣ ነቅለህ እንደገና ነው። ይህን ማንሳቴ ለነገር ነው፤ ትንሽ ቆይቼ እወቅስሃለሁ።

ከዚያ በፊት ስለ ሽኝትህ ልንገርህ፤ ለማንም አውርቼው አላውቅም። ሐረም መስጊድ ውስጥ የዙሁር ሶላት አልቆ በድምፅ ማጉያው ለሞቱት ስገዱ ሲባል እኔና ሐያት በሴቶቹ በኩል ቆመናል። ከአገር ስትወጣ የሸኘህ ሰው አምስት እንደማይሞላ ታወራ ነበር። እዚያ ግን ከየት እንደመጣ የማላውቀው፣ ቋንቋውን የማልሰማው ሕዝብ ሁሉ ላንተ ቆመ። ከጎኔ አንዲት የኢንዶኔዥያ አሮጊት ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ለማን ምሕረት እንደምትለምን አታውቅም። ለኔ ባል ነው። ሐዘኑ እንዳለ ሆኖ ግርማው ያዘኝ። ለአንድ ሴራሚክ አንጣፊ ይህ ሁሉ ሰው። አላህ ሰው ማክበር ሲፈልግ ማንንም አያማክርም ብዬ አሰብኩ፤ አሁንም ሳስበው እንባዬ ይመጣል።

ከዚያ ወንዶቹ ተሸክመውህ ሄዱ። እኛ ሴቶች መቃብር አንገባም። ጓደኛህ ጀማል ሲመለስ ከግንቡ ስንተኛው ረድፍ ላይ እንደተኛህ፣ ስም እንደማይጻፍ፣ ከራስጌህ ተራ ድንጋይ እንዳለ ነገረኝ። በዚያ ድንጋጤ ውስጥ ረድፉን ረሳሁት። መልሼ ልጠይቀው አፈርኩ፤ ዛሬ ነገ ስል ጀማልም አገሩ ገባ። እንዲህ ሆኜ መካ ውስጥ እየኖርኩ አንተ በየት በኩል እንዳለህ አላውቅም። አውቶቡስ ላይ ሆኜ ተራራ ባየሁ ቁጥር ከዚህ ኋላ ይሆን እላለሁ። ያለ ጥርጥር የማገኝህ እዚህ ቤት ውስጥ ብቻ ነው። ተደግፈህ ስትቀመጥ ትከሻህ ያወዛው ግድግዳ አለ። ማዕድ ቤት ውስጥ የተሰነጠቀውን አንስተህ በሌላ ቀለም የተካኸው ሴራሚክ አለ፤ ሽንኩርት ስከትፍ እሱ ላይ ካልቆምኩ ደስ አይለኝም። ነገ ቁልፉን ለአከራያችን ሳስረክብ አንተን ሁለተኛ የማስረክብ እየመሰለኝ ፈርቻለሁ ይመርዬ። ያስጨነቀኝ እሱ ነው፤ ሌላው ሁሉ ቀላል ነው።

ያንተን የመኖሪያ ፈቃድ፣ ኢቃማህን ተከትለን የቆምን ሰዎች ስለነበርን ካንተ በኋላ ብዙ ተንከራተናል። ኋላ አንዲት ልብስ ሰፊ ኬፊል ሆና ፈቃዳችንን በስሟ አውጥታልን ሐያት ትምህርቷን እስክትጨርስ ቆየን። ባለፈው ሳምንት ኹሩጅ ኒሃኢ የሚሉት የመጨረሻ መውጫ ወረቀታችን አልቆ ዕቃ ለመላክ ጂዳ ወርደን ነበር። ሹመይሲ እስር ቤት ጋ ስንደርስ፣ አንተ እዚያ ጋ ሬዲዮ አጥፍተህ በዝግታ ዱዓ እንደምታደርገው እኔም አደረግኩ። ከዚያ ግንብ ውስጥ ስንቱ የወሎ ልጅ ባዶ እጁን ወደ አገሩ ተመልሷል። እኛ በገዛ ቲኬታችን፣ የራሳችን በር እየጠበቀን ነው የምንሄደው። እስከ ባሕራ ከተማ ድረስ አለቀስኩ። ሐያት ደንግጣ ኸላስ ማማ፣ ወረቀት አለን እኮ ትለኛለች። የሚያስለቅሰኝ ያው ወረቀቱ መኖሩ እንደሆነ እንዴት ላስረዳት።

አሁን ወደ ወቀሳዬ።

አሊ ቤቱን የቀረፀው በጠዋት ነው። አንተ ከሁሉ አብልጠህ የጓጓህለት የመስገጃ ክፍል ሲገባ፣ ከጂዳ መርጠህ የላክኸው ባለ መስመር ሴራሚክ ቀጥ ብሎ ይሄድና ስንሰግድ የምንዞርበት ቂብላ ይሁን ብለህ ግድግዳው ላይ ያስጎደጎድከው ቦታ ላይ ያልቃል። ከአጠገቡ ባለው መስኮት ፀሐይ ትገባለች። ሐያት ቪዲዮውን አስቆመችው። ጠዋት አይደል እንዴ፣ ኢትዮጵያ ከመካ በስተደቡብ ሆና ፀሐይ በቂብላ በኩል ምን ትሠራለች አለችኝ። እኔ ቶሎ አልገባኝም። እዚህ ሩሰይፋ ከዕባ በስተምሥራቃችን ስለሆነች ስንሰግድ ፊታችን ወደ ፀሐይ መውጫ ነው። ሃያ ዓመት እንዲያ ስንሰግድ ኖረን ቂብላ ማለት ፀሐይ የምትወጣበት ማለት ነው ብለን ቁጭ አልን። ከኮምቦልቻ ግን መካ ያለችው በሰሜን ነው፣ አንተ ሰው።

ግንበኛው ሙሄ ጋ ደወልኩ። ሰውየው አላጠፋም። በትሕትና ጠይቆህ ነበር አሉ። አንተ ግን ተቆጥተህ፣ እኔ ከዕባ ጥግ ተቀምጬ አንተ ቂብላ ታስተምረኛለህ ወይ አልከው። ሙሄ አፈረ። ከመካ የሚያዝ ሰውማ ሳያውቅ አይቀርም፣ ምናልባት እኛው ነን ዕድሜ ልካችንን ዞረን ስንሰግድ የኖርነው ብሎ ሁለት ቀን እንቅልፍ አጥቶ፣ መጨረሻ ላይ መስጊድ ሄዶ ኢማሙን ጠይቋል። ኢማሙ የኛ ልክ ነው ቢለውም አንተን ደግሞ ለማስቆጣት አልደፈረም። ይህን ሲነግረኝ ሳቄ አመለጠኝ። ካንተ ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም፤ ሐያት ምን ሆነች ብላ ሮጣ መጣች። ለግማሽ ጣት የማይምር ሰው ቂብላውን ሩብ ዙር አዞረው።

ይህ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት። ሽንት ቤት ወደ ቂብላ አይዞርምና ወደ ፀሐይ መውጫ እንዳታደርገው ብለህ አደራ ስላልክ ሙሄ ታዛዥ ሆኖ ወደ ሰሜን አዙሮታል፤ በቀጥታ ወደ ከዕባ ማለት ነው። እሱን አስነቅዬዋለሁ። በዚህስ አልታዘዝህም፣ አውፍ በለኝ። ደግሞ ጥፋቱን ላንተ ብቻ አልጥለውም። ለሙሄ የላክኸውን ያን መልእክት በስልክ ስትቀርፅ አጠገብህ ቁጭ ብዬ ማሻአላህ እል ነበር። እኔም የዚያው አገር ልጅ ነኝ፤ ግን በልጅነቴ የሰገድኩት እናቴ ወደዞረችበት ነው፣ ሰሜን ይሁን ደቡብ ጠይቄ አላውቅም።

ስቀን ስናበቃ ሐያት ስልኳ ላይ ካርታ ከፈተችና ከኮምቦልቻው ቤት እስከ ከዕባ መስመር አሰመረች። መስመሩ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ወጣ። የአፋርን በረሃ አለፈ፣ ቀይ ባሕርን አቋረጠ፣ ዘንበል ሳይል መጥቶ መካ ላይ አረፈ። ያንተ ክር እንኳ እንደዚያ አይወጠርም። ስልኩን ከእጇ ወስጄ ብዙ ጊዜ አየሁት። ያን መሬት ስትገዛ ለመንገድ ይቀርባል ብለህ ነው እንጂ ይህን ማን አስቦት። ከመካ ትይዩ፣ ልክ ከሥሯ፣ ቤት ሠርተህልናል።

ከዚያ ሌላው ነገር ቀስ ብሎ መጣልኝ። መካ ውስጥ ሆኜ አንተ በየት በኩል እንዳለህ ሳላውቅ ኖርኩ። ከኮምቦልቻ ግን መካ ሁሉም በአንድ በኩል ናት። ከዕባም፣ ይህ ሩሰይፋም፣ ረድፉን የረሳሁት መቃብርህም። ሶላቴ ለአላህ እንጂ ላንተ አይደለም፤ እሱን አንተም ታውቃለህ፣ እኔም አልስትም። ግን በቀን አምስት ጊዜ ፊቴን የማዞርበትን አቅጣጫና አንተ የተኛህበትን አገር አንድ ያደረገው እሱ ከሆነ እኔ ምን እላለሁ። ከሄድኩ እርቅሃለሁ ብዬ ነበር ስፈራ የሰነበትኩት። ፍርሃቱ አልጠፋም፤ እጄ ላይ ያለው ቁልፍ አሁንም ይከብደኛል። ግን ነገ ልሰጠው እችላለሁ።

ሙሄ የመስገጃውን ወለል ነቅዬ ወደ ሰሜን ላስተካክለው ወይ ብሎ ጠይቆኝ ነበር። መጀመሪያ አዎ ልለው አፌን ከፍቼ ነበር። ኋላ ግን ያ ወለል የአንተ የመጨረሻ ትእዛዝ መሆኑ ትዝ አለኝ። በሰው ቤት ሁሉ አንጥፈህ በራስህ ቤት ያለህ እሱ ብቻ ነው። እንዳትነካው አልኩት። ያስጎደጎድከው ቦታ ላይ መደርደሪያ አስገጥሜ ቁርኣናችንን አስቀምጥበታለሁ። በሰሜን በኩል መስኮት እንዲከፍትልኝ አዝዣለሁ። መስገጃዬን መስመሮችህ ላይ አግድም አድርጌ አነጥፋለሁ፤ ወለሉ ወደ ምሥራቅ ይሄዳል፣ እኛ ወደ ሰሜን እንሰግዳለን።

መቃብርህ ላይ ስም የለም። ያም ሆኖ እዚያ ክፍል የሚገባ እንግዳ ሁሉ ግር ይለዋል፣ ይህ ወለል ለምን ዞረ ብሎ ይጠይቃል። እኔ ካለሁ እኔ፣ እኔ ከሌለሁ ሐያት፣ ከእሷም በኋላ ልጆቿ፣ አረፍ በል እንለዋለን። ይመር የሚባል ሰው ነበር፣ ከከዕባ ጥግ ሆኖ ነው ይህን ያስነጠፈው ብለን እንጀምርለታለን።

አሚናት