ጋሽ ቢሻው ያልሞቱበት ሳምንት

ዓርብ

ጋሽ ቢሻው የቁም ተዝካራቸውን ለእሑድ ቆርጠዋል።

የነገረችኝ ዘነቡ ናት፤ አብራቸው የምትኖረው የእህታቸው ልጅ። ወፍጮ ቤት በር ላይ ዱቄት በዱቄት ሆና አገኘኋት። «ጠላው ተጠምቋል፣ በጎቹ ታስረዋል፣ ካህናቱም ተነግሯቸዋል። እርስዎን ደግሞ ‹ያ ጋዜጠኛ እንዳይቀር› ብለዋል» አለችኝ። ጾሙ ሳይገባ ሊጨርሱት ፈልገዋል።

እዚህ አገር ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ልጅ የሌለው ሰው፣ ከሞትኩ በኋላ ማን ያስበኛል ብሎ የሚሰጋ ሰው፣ ተዝካሩን በእጁ ደግሶ በዓይኑ አይቶ ይሄዳል። ጋሽ ቢሻው ልጅ የላቸውም። በሬዲዮ ስንት ትውልድ ያሳቁ ሰው ናቸው፤ መሲንቋቸውን ከሰቀሉ ግን ቆይተዋል፤ ዛሬ ላሊበላ፣ አሸተን ማርያም መውጫ ዳገቱ ላይ፣ አባታቸው በሠሩት የድንጋይ ቤት ደርብ ላይ ጋቢ ለብሰው ይቀመጣሉ።

ቀትር ላይ የልብ ሐኪማቸው ከአዲስ አበባ ደወለች። ጋሽ ቢሻው ስልክ ስለማያነሱ የምትደውለው ለእኔ ነው። የልባቸው ምት እየዘለለ ነው፤ ደረታቸው ውስጥ ትንሽ ባትሪ መግጠም ያስፈልጋል። ቦታ ይዛላቸዋለች። እስከ ሐሙስ ቀትር መልስ ካላገኘች ለሌላ በሽተኛ ትሰጠዋለች። «አስታማሚ ይዘው ይምጡ፤ ብቻቸውን አንቀበልም» አለች።

ሁለት ጉዳይ ይዤ አደርኩ፤ የሞት ድግስና የሕክምና ቀጠሮ። አንድ ሰው ሁለቱንም አይፈልግም።

ቅዳሜ

ዛሬ ስለ ባትሪው ነገርኳቸው።

«ምን ሆኜ ነው ባትሪ የሚገባልኝ? ሬዲዮ ነኝ እንዴ?» አሉ።

ዘነቡ ከታች በጓዳ ሆና «ኧረ ዝም ብለው ይስሙት አያ!» ብላ ጮኸች። እሷ ጡት የሚጠባ ሕፃን አላት፤ ባሏ አጨዳ ላይ ነው። አስታማሚ ልትሆን አትችልም፤ እኔንም ባዕድ ነህ ብለው እሺ አይሉኝም። ይህን ሦስታችንም እናውቃለን፤ ጮክ ብሎ የሚለው ግን የለም።

ከዚያ ጋሽ ቢሻው ወደ እኔ ዞሩና ስለ ጋዜጣ ሥራዬ ጠየቁኝ። አልዋሸኋቸውም። ከተማ ሳለሁም፣ ወደዚህ ከተመለስኩም ወዲህ፣ ሥራዬ የታወቁ ሰዎችን ዜና ዕረፍት ሳይሞቱ ጽፎ ማስቀመጥ ነው። ጋዜጣ በጥድፊያ ሲጽፍ ይሳሳታል፤ ሰው ደግሞ በሞቱ ቀን ስሙ ሊሳሳትበት አይገባም። ዘንድሮ ወጣቷ ዋና አዘጋጃችን ሰናይት ከአንጋፋዎቹ ድምፃውያን መካከል ማን ቀድሞ ሊሄድ እንደሚችል ግምቴን በቅደም ተከተል ጠይቃኝ ልኬላታለሁ። ምልክቶቹን አውቃቸዋለሁ፦ የመድረክ ግብዣ በትሕትና የሚመልስ፣ መኝታውን ወደ ምድር ቤት የሚያዛውር፣ የድሮ ወዳጆቹን በየተራ የሚጠይቅ።

«እኔስ ስንተኛ ነኝ?»

«አንደኛ ነዎት ጋሽ ቢሻው።»

ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ፊታቸው በራ። «ያቺስ ባለ ክራሯ? ከእኔ በስንት ዓመት ትበልጣለች እኮ!»

«እሷ ጤነኛ ናት።»

«ዕድሜ ልኳን በገበያ ስትቀድመኝ ኖራ፣ በዚህ እንኳ ቀደምኳት!» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ።

ስወጣ ግን እጄን ያዝ አድርገው «አትልፋ ልጄ፤ ማን ሊያስታምመኝ? እዚያ ብሞትስ ሬሳዬን ማን ዳገት ያወጣዋል? ተዝካሬን እበላለሁ፤ ያበቃል» አሉኝ። በቀልድ አልነበረም።

ግምቴ እውነት እንዳይሆን መመኘት የጀመርኩት ዛሬ ነው። በሥራዬ እንዲህ ያለ ምኞት አይመከርም።

እሑድ

ተዝካሩ ወጣ።

ዳሱ ሰፊ ነበር። ካህናቱ፣ ደብተራዎቹ፣ የሰበካው ሰው፣ ከሆቴሎቹ ሥራ የፈቱ አስጎብኚዎች፣ ለማኙ ሁሉ። ጋሽ ቢሻው የራሳቸውን ተዝካር እንደ ሠርግ አስተናገዱ፤ «ብሉ እንጂ! ለሟቹ ስትሉ!» እያሉ። የነፍስ አባታቸውን ቄስ አስማረን «አባቴ፣ እግረ መንገድዎን ፍትሐቱንም ቢያደርሱልኝ» ቢሏቸው፣ ቄሱ ጽዋቸውን ሳያስቀምጡ «ፍትሐት ለሞተ ነው ቢሻው፤ አትቸኩል» ብለው መለሱላቸው። ዳሱ ሳቀ።

ሳቁ ሳያልቅ ጋሽ ቢሻው እጃቸው ላይ እንጀራ እንደያዙ ተንገዳገዱ። ደግፈን ድንጋዩ ላይ አስቀመጥናቸው። ፊታቸው አመድ መሰለ። ጥቂት ቆይቶ ተመለሰላቸው፤ «ቀጥሉ፣ ቀጥሉ» አሉ። ሰው ቀጠለ፤ ድምፁ ግን ዝቅ አለ።

አንድ ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ በስልኩ ሲቀርጽ አየሁት። ልብ አላልኩም።

ማታ ኔትወርኩ ጠፋ። የማመሰግንባቸውን ነገሮች አስቤ ጻፍኩ፦ በጉ ለሁሉም በቃ። ዝናብ አልጣለም። ደግፈን ስናነሣቸው ሰውነታቸው ሞቃት ነበር።

ሰኞ

ጋሽ ቢሻው ሞቱ ተብሎ ወጣ። በራሴ ጽሑፍ።

የሆነው ይህ ነው። እንግዳው የዳሱን ምስል ትናንት ማታ ኔትወርኩ ሳይጠፋ «የአንጋፋው ድምፃዊ ቢሻው ተዝካር በላሊበላ» ብሎ ለጠፈው። የጋዜጣችን የሌሊት ተረኛ ልጅ አዲስ አበባ ተወልዶ አዲስ አበባ ያደገ ነው፤ የቁም ተዝካር የሚባል ነገር ሰምቶ አያውቅም። እሱ የሚያውቀው ተዝካር በአርባ ቀን እንደሚወጣ ነው። እኔ ጋ ደወለ፤ ኔትወርክ የለም። ስለዚህ ያስቀመጥኩትን ዜና ዕረፍት አውጥቶ «ከአርባ ቀን በፊት ማረፋቸው ዛሬ ታወቀ» የሚል ርዕስ ጨምሮ ለቀቀው። ሞቱ ብቻ ሳይሆን፣ ሞተው አገር ሳይሰማ የተቀበሩ ሆኑ!

ኔትወርኩ ረፋድ ላይ ሲመለስ ስልኬ እንደ ንብ ቀፎ ጮኸ። ሕዝቡ አዝኗል፤ ከሐዘኑ ንዴቱ ይበልጣል። «እንዲህ ያለ ሰው አርባ ቀን ሙሉ በዝምታ?» «እኛስ አናለቅስም ነበር?» ቲክቶክ ላይ ደግሞ አንድ ባሕታዊ ነኝ ባይ «እኔ ተንብዬ ነበር» ብሏል። ከእኔ በቀር የተነበየ የለም፤ እኔም ተሳስቻለሁ።

ሰናይት እያለቀሰች ደወለች። «ጋሼ ምን ላድርግ?»

«እውነቱን ጻፊ፤ አጭር ይሁን።»

ማረሚያውን ራሴ ጻፍኩት፦ «ድምፃዊ ቢሻው በሕይወት አሉ። የወጣው ተዝካር በቁማቸው ያወጡት ነው። ጋዜጣው ይቅርታ ይጠይቃል።» በሥራ ዘመኔ እንደዚህ ደስ ብሎኝ የጻፍኩት ዓረፍተ ነገር የለም፤ የመጀመሪያውን ማለቴ ነው።

ዳገቱን ወጥቼ ለጋሽ ቢሻው ስነግራቸው ጽሑፉን አንብብልኝ አሉ። አነበብኩ። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። «የተወለድኩበትን ወር ስተሃል። ሌላው ደህና ነው» አሉ። ቆይተው ደግሞ «እውነት ይህን ያህል ሰው ጽፏል?» ብለው ጠየቁ። መልእክቶቹን አንድ በአንድ አነበብኩላቸው፤ ድምፄ እስኪዘጋ። አዋላጅ ነርስ፣ የከባድ መኪና ሹፌር፣ እስር ቤት ሳለ በሬዲዮ ሲሰማቸው የነበረ ሰው። ዘነቡ ሕፃኑን አቅፋ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ሰማች።

ማክሰኞ

ማረሚያው ከመርዶው ቀርፋፋ ነው። ለቀስተኛ መጣ።

ከጠዋት ጀምሮ ሰው በዳገቱ ይወጣል። በር ላይ ደርሰው ጋሽ ቢሻውን ሲያዩ ግማሹ ይስቃል፣ ግማሹ ያማትባል። አንዲት እናት «ከገነተ ማርያም ድረስ በእግሬ መጥቼ እርሜን ሳላወጣ አልመለስም» ብለው ተቀምጠው አለቀሱ። ጋሽ ቢሻው ትከሻቸውን እየደባበሱ አጽናኗቸው፤ በራሳቸው ሞት!

ቀትር ሲያልፍ ከታች በጣም የታወቀ ድምፅ ተሰማ። ረጅም፣ ጎርናና፣ በለቅሶ የተሰበረ። ጋሽ ቢሻው ቀና አሉ። የያዙት ቆሎ ከእጃቸው ረገፈ።

«ሞላ ነው» አሉ።

ሞላን አገር ያውቀዋል፤ በሬዲዮ «ቢሻውና ሞላ» የሚባሉት ጥንድ ነበሩ። ቢሻው አዲስ አበባ ቀርተው ብቻቸውን መዝፈን ሲጀምሩ ሞላ አገሩ ኮን ገብቶ አራሽ ሆነ። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም። ዛሬ ሌሊት ከኮን በአይሱዙ ተነሥቶ፣ ጋሸና ላይ መኪና ቀይሮ፣ ጋቢውን እንደ ሐዘንተኛ ገልብጦ ለብሶ መጣ። በሩን አልፎ ሲገባ ሟቹ ተቀምጠው ያዩታል።

ቆመ።  ከዚያ ሙሾውን ሳያቋርጥ፣ ዜማውን ብቻ ለወጥ አድርጎ አወረደው፦

ሞተ ብለው ከኮን ሲያስለቅሱኝ ውለው፣
ሟቹ ቆሎ ይዞ ሲቆረጥም ምነው?

«ቆሎው መሬት ነው ያለው» አሉ ጋሽ ቢሻው። «ድሮም ሳታይ ነው የምትገጥም።»

«አንተ ደግሞ ድሮም ሰው አስጠርተህ ትቀራለህ!»

«መቼ ቀረሁ? ይኸው ቁጭ ብያለሁ!»

«ጋሸና ላይ ምሳ ቤቱ ሁሉ ዘፈንህን ከፍቶ ሲያለቅስ፣ እኔ አብሬ ሳለቅስ፣ አሳላፊዋ ‹አይዞዎት አባት› ብላ ሻይ በነፃ ሰጠችኝ። አሁን ተመልሼ ምን ልላት ነው? እንባዬን መልሺልኝ ልበላት?»

ተቃቀፉ። ሁለቱም ሸንበቆ አክለዋል። እኔና ዘነቡ ወደ ውጭ ወጣን። ከውስጥ ሳቅ ይሰማል፤ መሐል መሐል ጭቅጭቅ፤ ከዚያ ደግሞ ሳቅ።

አመሻሽ ላይ ዘነቡ ለሞላ ስለ ሐኪሟ፣ ስለ ባትሪውና ስለ አስታማሚው ሁሉንም ነገረችው። እሷ እንደኔ ዙሪያ ጥምጥም አትሄድም። «የሚያስታምም ሰው ነው የጠፋው» አለችው።

ሞላ ወደ ወዳጁ ዞረ። «ለዚህ ነው ተዝካር የበላኸው?»

ጋሽ ቢሻው ጋቢያቸውን ተከናነቡ።

«ገብሴን ልጆቼ ያነሡታል። እኔ አስታምምሃለሁ» አለ ሞላ።

ረቡዕ

ሞላ ደርቡ ላይ አደረ። ዘነቡ እንደምትለው ሲነጋ አንድ ዘፈን የማን እንደነበር ይጨቃጨቁ ነበር።

ጠዋት ቄስ አስማረ መጡ። ጋሽ ቢሻው ሌት ተቀን የከበዳቸውን አወጡ። «አባቴ፣ ሰው ተዝካሬን በልቷል። አሁን ደግሞ ዕድሜ ፍለጋ ብሄድ ምን ይለኛል? በእግዜርስ ላይ ማላገጥ አይሆንም?»

ቄሱ ጺማቸውን አሻሹ። «የበላው ሰው ምን ብሎ ወጣ?»

«ዕድሜ ይስጥህ ብሎ።»

«እንግዲህ የሰውን ምርቃት ለምን ታስዋሻለህ?» አሉና መስቀላቸውን አሳለሟቸው።

ጋሽ ቢሻው ያሳለማቸውን የቄሱን እጅ ሳሙ። ከዚያ ሁላችንንም በየተራ አዩ። «አንድ ነገር ቀረ። እዚያ ብሞትስ?»

«አመጣሃለሁ» አለ ሞላ።

«በምን?»

«በመጣሁበት በአይሱዙ! ጋሸና ላይ ደግሞ አውርጄ ሻይ እጠጣብሃለሁ።»

«ዳገቱንስ?»

ሞላ ወደ በሩ አየ። ከደጅ ገና ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ሰው ነበር፤ ማረሚያውን ያልሰማ፣ ወይም ሰምቶም ራሱ ሊያይ የመጣ። ቁጥቋጦው ሥር ጥላ ይዘው ተራ ይጠብቃሉ። «እነዚህ ሁሉ ትከሻ የላቸውም?» አለ።

ጋሽ ቢሻው በመስኮቱ ሰዎቹን ረጅም ጊዜ አዩአቸው። ምንም አልቀለዱም።

ለሐኪሟ ደውዬ አስታማሚ ተገኝቷል አልኳት። «እሺ ብለዋል?» አለች። እምቢ ማለት ትተዋል አልኳት። ሊሆን የሚችለውንም ጠየቅኳት፤ ዕድሜያቸው የገፋ ስለሆነ አደጋ የለውም ማለት አልችልም፣ ሳይገጠምላቸው መቆየቱ ግን የባሰ ነው አለች። እንዳለችው አድርጌ ነገርኳቸው፤ አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም።

ሰናይት ደግሞ አዲስ ቅደም ተከተል ላክልኝ ብላለች። አልችልም አልኳት። ቀድሜ ከጻፍኩላቸው ሰዎች ብዙዎቹ ዛሬም አሉ፤ ምንም ሳልጽፍላቸው በድንገት የሄዱት ደግሞ ሌሎች ናቸው። ጽሑፎቹን ማስተካከል እቀጥላለሁ፤ የትውልድ ወራቸውን ጭምር። ተራውን ግን ከእንግዲህ አልጠቁምም። በመሳሳቴ ተመስገን ያልኩበት ሳምንት ይህ ብቻ ነው።

ዘነቡ ዛሬ ከሰዓት የጉዞ ልብሳቸውን አጥባ አጥሩ ላይ አሰጣችው። ጋሽ ቢሻው ሲያዩት «ማን አዘዘሽ?» አሏት። «ቆሽሾ ነው» አለቻቸው። አላወረዱትም።

የሐኪሟ ቀነ ገደብ ነገ ሐሙስ ቀትር ነው። ጋሽ ቢሻው መልሱን ከቅዳሴ ስወጣ እነግርሃለሁ ብለዋል።