በመዶሻ የመታሁት ማግኔት

ቡሬ፣ ማክሰኞ ኅዳር 17

ትናንት እማማ የሺ ካመጡት በቆሎ ውስጥ ምስማር ገብቶ የወፍጮዬን ድንጋይ ሸረፈው። ወረፋ በያዘው ሰው ሁሉ ፊት ጮኽሁባቸው። «እህል ሳይለቅሙ ወፍጮ ቤት ይመጣሉ?» አልኋቸው። አንገታቸውን ደፍተው በቆሏቸውን ይዘው ሄዱ።

ዛሬ ጠዋት ድንጋዩን ልጠግን ወፍጮውን ፈታሁት። ምስማር እንዲያስቀር እህሉ የሚፈስበት አፍ ላይ የሰካሁትን የብረት ማግኔት አወጣሁና ያንኑ ምስማር አስጠጋሁለት። አልያዘውም፤ መሬት ወደቀ። ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። ባለፈው ሳምንት ማግኔቱ ቦታው ላይ አልገባ ሲለኝ በመዶሻ ደጋግሜ ቀጥቅጬ ነው የከተትሁት። ተምሬዋለሁ እኮ! ማግኔት ኃይል የሚኖረው ውስጡ ያሉት ጥቃቅን ማግኔቶች ወደ አንድ አቅጣጫ ሲሰለፉ ነው። ሲቀጠቀጥ ሰልፋቸው ይበተናል።

ወፍጮውን ገጥሜ እንዳስነሳሁ እማማ የሺ ተመልሰው መጡ። በቆሎውን ፍሬ በፍሬ ለቅመውታል። እንደ ትናንቱ ወረፋ በያዘው ሰው ፊት ቆመው፣ «ዓይኔ ደክሞ ነው ልጄ፣ ይቅር በለኝ» አሉኝ።

ማግኔቱ ኪሴ ውስጥ ነበር።

«ግድ የለም፣ እማማ» አልኋቸው።

ይቅር ባዩም እኔ ሆኜ አረፍሁት።