የጎደለችው «ን»

ውድ እታለም፣

«አንባቢን ደጃፍ ላይ አታቁሚው፤ የምትይውን በመጀመሪያው አንቀጽ ንገሪው» ብለሽ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። እንግዲያው ልንገርሽ፦ ገልብጠሻል ተብዬ ከኮሌጁ ልታገድ ነው። ገለበጥሽ የተባልኩት ደግሞ ካንቺ ነው። ሲነግሩኝ ሳቄ መጣ፣ ወዲያው ጠፋ።

ያኔ እዚሁ ኮሌጅ ስትማሪ፣ የመመረቂያ ጽሑፍሽ ሊገባ ስድስት ቀን ሲቀረው ወለድሽ። ትኩሳቱ አልለቅ ብሎሽ እንደተጋደምሽ፣ እኔ አልጋሽ ግርጌ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ጻፍኩልሽ። መጀመሪያ አንቺ ነበርሽ የምትነግሪኝ። «አንድ አንቀጽ አንድ ሐሳብ። ሁለት ካስገባሽበት እንደ ጣውንት ይጣላሉ» ትይኛለሽ። «ማስረጃ የሌለው ሐሳብ ሐሜት ነው። መደምደሚያ ላይ ደግሞ አዲስ እንግዳ እንዳታመጪ።» ከሁለተኛው ቀን በኋላ መናገርም አቃተሽ። የቀረውን ያነበብኩትም፣ ያሰብኩትም፣ የጻፍኩትም እኔ ነኝ። ስጨርስ አንዴ እንኳ አላነበብሽውም፤ ስምሽን ጻፍሽበትና ወስጄ አስገባሁት።

ብታነቢው ኖሮ «ይሁና»ን ታገኚያት ነበር። እማዬ የሰፋችውን ልብስ ደንበኛ ጠበበኝ ብሎ ሲመልስባት፣ ጥፋቱ የሷ ባይሆንም «ይሁና» ብላ መተርተር ትጀምር የለ? ያቺ ቃልና የመጻሕፍቱ «ይሁንና» ለእኔ አንድ ነበሩ። ተቃራኒ ሐሳብ በመጣ ቁጥር «ይሁና» እያልኩ አሥራ አንድ ቦታ ጻፍኩ።

ጽሑፉ አንደኛ ወጣ። አንቺንም አስተማሪ አደረገሽ፤ እሰይ አልኩ፣ ከልቤ ነው። ኮሌጁ ለአዲስ ተማሪ ሁሉ «እንዲህ ጻፉ» እያለ ያድለዋል። የሚባዛው የት እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ እኔ በምሠራባት መስኮት አልባ ፎቶ ኮፒ ቤት። ማሽኑ የበሩን ግማሽ ዘግቶት፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስምሽን ከራሴ ቃላት በላይ እያየሁ አባዝቻለሁ።

ዘንድሮ ተራዬ ደርሶ ተማሪ ስሆን የመጀመሪያውን ድርሰቴን እንደማውቀው ጻፍኩ። መምህሩ ጠራኝና ያንቺንና የእኔን ጎን ለጎን ዘረጋቸው።

«ርዕሱን ቀየርሽ እንጂ አካሄዱ አንድ ነው። እሱስ ይሁን፤ ስሕተትም ይገለበጣል እንዴ?» አለኝ፣ በቀይ የከበባቸውን «ይሁና»ዎች እያሳየኝ።

«የእኔ ነው» አልኩት።

«የቱ?»

ሁለቱም ብል አንቺ ከሥራሽ ትፈናቀያለሽ፤ ዝም ብል ሌባዋ እኔ ነኝ። እስከ ሐሙስ በጽሑፍ አስረጂ ተብያለሁ።

ስደውልልሽ እንኳን ልትደነግጪ፣ ይህ ቀን እንደሚመጣ አስበሽበት ኖሯል። «ገለበጥኩ በያቸው፣ የኔ እናት። ቢያግዱሽ ሁለት ዓመት ነው፤ አንቺ ምን ይቀርብሻል? እኔ ልጅ አለኝ» አልሽኝ። እኔም እንደ እማዬ «ይሁና» ብዬ ዘጋሁት።

ከዚያ ወዲህ «ምን ይቀርብሻል» ጆሮዬ ላይ ተጣብቋል። ወረቀት ሳስገባም እሰማዋለሁ፣ በበሩ ግማሽ ተሽሎክልኬ ስወጣም እሰማዋለሁ። ተናድጄብሻለሁ። ደግሞም እወድሻለሁ። ሁለት ሐሳብ በአንድ አንቀጽ አስገባሁ፤ ይጣሉ።

ማብራሪያውን ጽፌ ጨርሻለሁ። ያኔ በእጄ የጻፍኩትን ረቂቅ እማዬ ከልብስ ቅዶቿ ጋር አስቀምጣው ነበር፤ ማስረጃ ብዬ አያይዤዋለሁ። እስከ ረቡዕ ማታ መሳቢያዬ ውስጥ ይቆያል። ቀድመሽ መጥተሽ ራስሽ ከተናገርሽ አብሬሽ እገባለሁ፣ እጅሽንም እይዛለሁ።

በስልክ «ይሁና» ብዬሻለሁ። ይሁንና ሐሙስ ጠዋት አስገባዋለሁ።

ታናሽ እህትሽ፣
የሁለቱም ጽሑፍ ጸሐፊ