በሁለተኛው ስም የመጡ መልእክቶች

ጎንደር፣ ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአያ ዳኛው፣ አምባ ጊዮርጊስ

አያዬ፣ እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህስ ተሻለህ? የጤና ጣቢያው በር ላይ ለጥበቃ ስትቆም ብርዱን እንዴት ቻልከው? እኔ ጤና ነኝ። አምስት ወር ሙሉ ዝም ብዬህ ከርሜ ዛሬ ስለ ጉልበትህ መጠየቄ ሳያስቅህ አይቀርም። ሳቅብኝ፣ ይገባኛል። ብቻ ደብዳቤውን ሳትጨርስ እንዳታስቀምጠው።

በጤና ጣቢያው ኮምፒውተር ብልከው ቀድማ የምታነበው ነርሷ ሲስተር ሚስጥር ናት። ይህ ደግሞ የአንተና የእኔ ጉዳይ ስለሆነ በወረቀት ጽፌ ለሹፌሩ ለወንዴ ሰጠሁት።

ባለፈው ሳምንት የማክሰኝቷ አዋላጅ ደብሪቱ ቢሯችን ድረስ መጥታ ጮኸችብን። «ምነው እናንተ! ሆስፒታሉ ልከናል ይላል፣ ለኔ አይደርሰኝ፣ መሐል ላይ ውሸታም የምባለው እኔ!» አለች። ጤና ጣቢያዎቹ የሚጻጻፉበትን የቻት ሰርቨር የምንጠብቀው እኔና የሥራ ባልደረባዬ ሐምዛ ነን። ደብሪቱ በወረቀት ላይ ሌላ ስም አላት፤ ደብሪቱ የቤት ስሟ ነው። ሁለቱንም አድራሻ ብለን መዝግበንላት ነበር።

ሁለት ቀን ኮዱን ስናገላብጥ ቆይተን ጥፋቱን አገኘነው። ሰርቨሩ የሰው አድራሻ ሲፈልግ የመጀመሪያውን ስም ብቻ አይቶ ይመለሳል። ሁለተኛው ስም ከሥሩ ተጽፎ እያለ «እንዲህ የሚባል ሰው የለም» ይልና መልእክቱን ጓዳ ይከተዋል። ለላኪው አይነግር፣ ለተቀባዩ አይነግር። ያችን መስመር የጻፈው ማን መሰለህ? እኔው ነኝ! ስንቱ ሰው የቤት ስም፣ የክርስትና ስም፣ የትምህርት ቤት ስም እንዳለው እያወቅሁ፣ ሰው ሁሉ አንድ ስም ብቻ ያለው ይመስል። አስተካከልነው፣ በሁለቱም ስም ሞከርነው፣ ሠራ። ደብሪቱም በስልክ እልል አለችልን። ከዚያ ጓዳ የታጎሩትን ሁለት መቶ አሥራ ሦስት መልእክቶች ለቀቅናቸው።

ሐምዛ ዝርዝሩን እያየ ቆየና «ፅዮን፣ ያንቺም አራት አለ» አለኝ።

አያዬ፣ በአባባ ሕመም የተጣላንበትን ቀን አልረሳኸውም። እኔ ጎንደር ወስጄ ላሳክመው ስል አንተ «ከቤቴ አታውጡኝ ብሏል» አልክ። ያኔ የማይባል ነገር ከአፌ ወጣ፤ «አንተ አባቴ አይደለህ፣ ምን አገባህ!» አልኩህ። አባባ መተማ ወርዶ ዓመታት ሲቀር ያሳደግኸኝ አንተ ታላቅ ወንድሜ ነህ። ትምህርት ቤት ስታስገባኝ «የአባት ስም?» ሲሉህ የራስህን ሰጥተህ ፅዮን ዳኛው ያሰኘኸኝ አንተ ነህ። ጎንደር ተመልሼም ንዴቱ አልበረደልኝም። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል፤ ሰርቨሩ በእጄ ነበርና አድራሻዬ ላይ በአባባ ስም ፅዮን ቢሻው የሚል ጨመርኩና «ከእንግዲህ በዚህ ጻፍልኝ» ብዬ ላክሁብህ። አንተም እንዳልኩህ አደረግህ።

የመጀመሪያዋ መልእክት ሰኔ 9 የተጻፈች ናት። «አባባ ዐርፏል። ቀብሩን እስከ ነገ ዘጠኝ ሰዓት አቆያለሁ። ነይ» ትላለች። እኔ መርዶውን የሰማሁት ከሳምንት በኋላ ከመንገደኛ አፍ ነው። ስልክ ተቋርጦ፣ መንገድ ተዘግቶ እንደነበር ባውቅም፣ ከስልኩ የተለየው የቻቱ መስመር እንደሚሠራ ስለማውቅ ሆን ብሎ ነው ብዬ ቂም ያዝኩብህ። ስልኩ ሲመለስም አልደወልኩም። ሁለተኛዋ ስለ አርባው ናት፤ እስክደርስ ካህናቱን እንደምታስቆያቸው ጽፈሃል። ሦስተኛዋን ሳነብ ግን ቢሮ ውስጥ እንዳለሁ ረስቼ አለቀስኩ፤ ሐምዛ በሩን ዘጋልኝ። «ምነው ሳትመጣ ቀረች ሲሉኝ ታማለች ብያለሁ። ስትመጪ እንዳታሳጪኝ፣ ታምሜ ነበር በይ» ነበር ያልከው።

እግዚአብሔር ያክብርህ፣ አያዬ። የሰደበችህን እህትህን ከሰው አፍ ጠበቅሃት፤ እሷ እዚህ ተቀምጣ ታማሃለች። እኔ አንተን ስክድ ያ ሰርቨር እንኳ በአንተ ስም ካልሆነ አላውቃትም ብሎ ነበር። ምስጋናዬን በምን ቃል እንደምጽፍልህ ቸግሮኛል። ደብሪቱንም አመሰግናታለሁ፤ መጥታ ባትጮህብን ኖሮ እስከ ዛሬ እንደተቀየምኩህ ነበርኩ።

አራተኛዋን አልከፈትኳትም። መስከረም 26 የተጻፈች ናት፣ ከሁሉም ትረዝማለች። እጄ እንቢ አለኝ። እርግማንም ከሆነ ከአፍህ ልስማው። ቅዳሜ በመጀመሪያው መኪና እመጣለሁ። ለጠየቀኝም ሁሉ ታምሜ ነበር እላለሁ፤ ውሸት አይደለም።

ዕድሜህን ያርዝምልኝ፣ ጉልበትህን ያጽናልኝ፣ ቤትህን ሰላም ያድርገው። ከቻልክ መናኸሪያው ድረስ ውጣልኝ፤ የአባባ መቃብር የትኛው እንደሆነ አላውቅም።

ያሳደግሃት
ፅዮን