«ልጆች ሁሉ» ሲባል ስላልተቆጠረው ልጄ

ወረታ፣ ጥር ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

ለአገር አቀፍ የልጆች ስፖርት ፕሮግራም አዘጋጅ፣ ለክቡር ሹም፣
አዲስ አበባ።

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ከርሟል? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም ሁለቱ እግሮችዎ ደኅና ናቸውን? እኛ የፎገራ ሜዳ ሰዎች፣ ውሃው ሸሽቶ ከብቱ ወደ ሣሩ ወርዶልን፣ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። እኔ አያልነህ የምባል የወረታ ሸማኔ ነኝ። ዳዊት እስከ መድገም ተምሬአለሁና ይህን የጻፍሁት ራሴ ነኝ፤ ስሕተቱም የራሴው ነው።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ከምስጋናው ልጀምር። ብርቱም ሆነ ደካማ፣ ጤነኛም ሆነ አካለ ስንኩል፣ የኢትዮጵያ ልጆች ሁሉ በስፖርት እንዲታቀፉ ያዘዙበት ማስታወቂያ በኅዳር ወር በገበያችን ሲነበብ፣ እኔ በደስታ አልቅሻለሁ። ልጄ አበረ ዐሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። በአራት ዓመቱ የያዘው ትኩሳት ቀኝ እግሩን ይዞበት ሄዷል። የእኛ ሥራ ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጦ በሁለት እግር መርገጫ መርገጥ ነውና፣ የአባቱን ሙያ እንኳ ላወርሰው አልቻልሁም። ቅሬታዬም እንደሚከተለው ነው።

፩ኛ. ለፕሮግራሙ ልጆች እንዲመርጡ የላኩት መራጭ ከመምጣታቸው በፊት ልጆቻችን ፕሮግራም ነበራቸው፤ ማኅተም ስለሌለው አልታየዎትም እንጂ። በገና ጨዋታ ሩሯ፣ ያች የእንጨት ኳስ፣ አበረ ዘንድ ስትደርስ በምርኩዙ አንድ ጊዜ እስኪመታት ድረስ ማንም ዱላ አይሰነዝርም፤ ከመታት በኋላ ግን ምሕረት የለም። ይህን ሕግ ያወጡት ልጆቹ ራሳቸው ናቸው፤ የመከራቸው ሽማግሌ የለም። ሲስት ይሰድቡታል፤ እሱም አይተኛላቸውም። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ እንዲሉ፣ የባለርስቱ ልጅና የሸማኔው ልጅ እኩል የሚሰዳደቡት በዚያ ሜዳ ላይ ብቻ ነበር።

፪ኛ. ለገና ሦስት ቀን ሲቀረው የደረሱት መራጭዎ፣ ይህ ደንብ የሌለው የባላገር ጨዋታ ነው ብለው የልጆቹን ዱላ ሁሉ ሰበሰቡ። የልጄን ምርኩዝ እኔው እንደ ገና ዱላ ጫፉን አጉብጬ የጠረብሁለት ስለሆነ፣ እሱም ዱላ ነው ተብሎ አብሮ ተሰበሰበ። ሌሎቹ ለሩጫ ሲሰለፉ አበረን ዛፍ ሥር አስቀምጠው «ተመልካች» የሚል ወረቀት ደረቱ ላይ ለጠፉለት። ጽሕፈቱ እጅግ ያምራል፤ ስለዚህም አመሰግናለሁ። ልጄን ወደ ቤቱ ያመጣሁት በጀርባዬ አዝዬ ነው።

፫ኛ. በገና ዕለት ልጆቹ አዲስ ዱላ ቆርጠው፣ አበረም እኔ የጠረብሁለትን ሌላ ምርኩዝ ይዞ፣ ተጫወቱ። ነገር ግን አበረን አልሰደቡትም። ሩሯን በቀስታ እያንከባለሉ ሰጡት፤ ሲስትም አይዞህ አሉት፤ ከንፈርም መጠጡለት። ክቡር ሆይ፣ በአንድ ወረቀት የደግ ልጆች አገር አደረጉን፤ እኔ ግን እንዲህ ያለ ሐዘን በዚያ በትኩሳቱ ወራት እንኳ አላየሁም። ከዚያ ወዲህ ልጄ ከቤት አይወጣም፤ ትምህርቱንም ትቷል፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይውላል።

፬ኛም ነበረኝ። እናቱ ካሰች አጠገቤ ተቀምጣ ስታለቅስ ጠፋብኝ።

የምለምንዎ ልጄን እንዲያስሮጡልኝ አይደለም፤ ያንን የሚችል እግዚአብሔር ብቻ ነው። ያችን ቃል የለጠፉት መራጭ ተመልሰው መጥተው፣ በልጆቹ ሁሉ ፊት ተሳስቻለሁ እንዲሉልኝ ነው። ያን ጊዜ ምናልባት እንደ ጥንቱ ይሰድቡት ይሆናል።

ለባለ ሁለት እግር ልጆች ሁሉ የሚያሳዩትን አባትነት እያደነቅሁ፣ ዕድሜና ጤና እየተመኘሁልዎ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

አያልነህ ዳኘው፣ ሸማኔ

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ ያለኝ፤ ያን ማስታወቂያዎን በገበያው ላይ ያነበበልን አበረ ነበር። ድምፁ የጠራ ነውና የእህል ጆንያ ላይ አስቀምጠን አስነበብነው። «ልጆች ሁሉ» ከሚለው ላይ ሲደርስ ቆም አለና እንደገና አነበበው፤ በትክክል እንዳነበበ ሊያረጋግጥ ይመስለኛል።