በእኔ አንደበት የተነበበው የእርስዎ ጽሑፍ

ለክቡር አቶ ቴዎፍሎስ
«ከባለቤቱ አንደበት» ለተሰኘው የዩቲዩብ ቻናል ጽሑፍ አዘጋጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? የሚጽፉበት እጅዎ፣ ይልቁንም የሚጽፉበት ስልክዎ፣ ደኅና ነውን? እኔ ደባርቅ ላይ ፊደል የማስቆጥረው፣ ባለፈው ወር ለቪዲዮዎ ያስነበቡኝ መሪጌታ ሰይፈ ሥላሴ ነኝ። ዕድሜዎ ከልጄ ዕድሜ በብዙ ቢያንስም አንቱ ብዬ መጻፌ፣ የሰውን ኑሮ ሰውየውን ሳይጠይቁ የሚጽፉ ሊቅ እንደ ዋዛ አንተ ስለማይባሉ ነው። ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

፩ኛ/ ስለ ቻናልዎ ስም አመሰግናለሁ። «ከባለቤቱ አንደበት» ብለው ሰይመውት ሳለ የባለቤቱን ቃል አስቀድመው ቤትዎ ጽፈው ይዘው መምጣትዎ፣ ባለቤቱን ከማሰብ ድካም ያሳረፈ ታላቅ ትሕትና ነው። ስለ አብነት ትምህርት ልቀርጽ መጣሁ ብለው ግማሽ ቀን ካስለፈለፉኝ በኋላ፣ ድምፄን ሊለኩበት የሰጡኝን ወረቀት ተቀብዬ አነበብሁ። «ልጆቼ ጥለውኝ ሄዱ፤ በሐዘን ዐይኔ ጠፋ፤ ጧሪ ቀባሪ የለኝም» ይላል። እኔ ያለችኝ አንዲት ልጅ ናትና የሌላ ሰው ታሪክ መሰለኝ። ሐዘንን በሃሌታው ሀ፣ ዐይንን በአልፋው አ ጽፈዋቸው ስለነበር በእርሳስ አቅንቼ፣ በሚገባው ዜማ ድምፄን አለዝቤ አነበብሁልዎ። ጥፋቴም ይኸው ነው፤ ፊደሉን ሳርም ነገሩን አላረምሁም።

፪ኛ/ ስለ ንባብ የነበረኝን የዋህነት ስላስተዉኝ አመሰግናለሁ። እኔ ባደግሁበት ቤት ያነበበ ሰው ተናገረ አይባልም። ገድል ሳነብ «አርባ ቀን እህል አልቀመስሁም» ብል በማግሥቱ ቆሎ ይዞልኝ የመጣ ምእመን የለም፤ መጽሐፉ ከፊቴ ተዘርግቶ ሁሉም ያየዋልና። እርስዎ ግን ወረቀቱን ከምስሉ አውጥተው ፊቴን ብቻ አስቀሩት። መነጽሬንም ያንጸባርቃል ብለው አስወልቀውኝ ነበር። ያን ደቃቅ ጽሑፍዎን በባዶ ዐይን ሳነብ ዐይኔ ቢያነባ፣ «መሪጌታው እንባቸውን መቆጣጠር አቃታቸው» የሚል ርእስ ሰጡት። መነጽሩን የገዛችልኝ ጥላው ሄደች ያሏት ልጄ ናት።

፫ኛ/ ይህኛው ምስጋና ይረዝማልና ይታገሡኝ። ልጄ ስጦታ ዳባት አስተማሪ ናት። እናቷ ካረፈች ወዲህ በየቅዳሜው ደባርቅ እየመጣች ልብሴን ታጥባለች፣ የሳምንት ስንቄን ታሰናዳለች፣ ስነጫነጭባት ችላኝ ትውላለች። ቪዲዮው ከወጣ ወዲህ ሦስት ቅዳሜ ቀረች። አምባ ጊዮርጊስ ያሉት የባሏ ዘመዶች አይተውት ኖሯል፤ የትምህርት ቤቷ መምህራንም በየስልካቸው ተቀባበሉት። ስደውልላት አታነሳም። በጎረቤቴ በውቢት በኩል አንድ ቃል ብቻ ላከችብኝ፤ «አባ፣ ይህን ያህል ከከፋዎ ለእኔ አይነግሩኝም ነበር?» አለች። ሰው ጽፎ የሰጠኝን ነው ያነበብሁት ብዬ ባስነግራትም አላመነችም። እንዴት ታምን? ወረቀቱ አይታይም፤ ድምፁ ደግሞ የአባቷ ነው። ይህን ስጽፍ እጅግ ተናድጃለሁ፤ በእርስዎ ብቻም አይደለም፣ በራሴም ጭምር ነው።

፬ኛ/ ተመልካች በዝቷልና ክፍል ሁለትን እንሥራ ብለው አዲሱን ጽሑፍ በስልክ ስለላኩልኝ አመሰግናለሁ። በዚህኛው ልጄ ተጸጽታ እግሬ ላይ ትወድቃለች። የምትናገረውን ቃል እንኳ ሳያስቸግሯት ጽፈውላታል። ሐዘንን አሁንም በሃሌታው ሀ ነው የጻፉት።

እንግዲህ የምለምንዎ ጥቂት ነው። በዚያው በቻናልዎ ራስዎ ቀርበው፣ ጽሑፉን የጻፍሁት እኔ ነኝ፣ ሽማግሌው አንባቢ ብቻ ነበሩ፣ ልጃቸውም ጥላቸው አታውቅም ብለው ይናገሩ። ያልለመዱት ዓይነት ጽሑፍ፣ ማለትም እውነት፣ ስለሆነ አንደበትዎን እንዳይዘው ጥቂት ቀን ቢለማመዱት መልካም ነው። ፊደል ማስቆጠር ካስፈለገም በሬ ክፍት ነው፤ ከእርስዎ የባሱም ተምረው ወጥተዋል።

ብዕርዎን ያለምልምልዎ ለማለት ፈርቼ፣ ልቡና ይስጥዎ በማለት ከመቀመጫዬ ብድግ ብዬ በታላቅ አክብሮት የምሰናበትዎ፣

መሪጌታ ሰይፈ ሥላሴ
ያነበበ እንጂ ያልተናገረ
ደባርቅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ትናንት ጀምሬ ዛሬ ቅዳሜ ጨረስሁት። ገበያው ተበትኗል፤ ከዳባት የሚመጣው መኪና ሁሉ ገብቶ አልቋል፤ ስጦታ የለችም። ጧሪ የለኝም ብለው የጻፉልኝ ያን ዕለት ሐሰት ነበር። እውነት ስላደረጉት እንኳን ደስ አለዎ።