ያልዘፈንኩት ዘፈን

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ፣ ማታ 1 ሰዓት

የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ እያረምኩ ነው። ግማሹ ክፍል ወድቋል። ዛሬ ስለ ክፍልፋይ ማሰብ አልችልም። በእረፍት ሰዓት የት/ቤቱ ልጆች የላንጋኖውን ማስታወቂያ እየዘፈኑ አለፉኝ። አንዷ አየችኝና አፏን በእጇ ያዘች።

ማስታወሻዬ፣ አንዴ ልንገርሽ። ላንጋኖ ያለ አንድ ሆቴል የጭፈራ ዘፈን ለቋል። ኑ፣ ቢራ በሐይቁ ዳር፣ ምናምን። ድምፁ የኔ ነው፤ ትንፋሽ የምወስድበት ቦታ ሳይቀር። እኔ ግን ከቤ/ክ ኳየር ውጭ ዘፍኜ አላውቅም። መዝሙሮቻችን ኢንተርኔት ላይ አሉ። ከዚያ ወስደው በኤአይ ሠሩት። ሳይጠይቁኝ!

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ

የቤ/ክ ሽማግሌዎች ዓለማዊ ዘፈን ዘፍነሻል ብለው ጠሩኝ። መጋቢ ታደሰ ደግ ሰው ናቸው፣ ያጠመቁኝም እሳቸው ናቸው። የከፋኝም ለዚህ ነው። ማሽን ነው የዘፈነው አልኳቸው። ፈገግ አሉ። ድምፅሽን ከሺህ ድምፅ እንለየዋለን አሉ። ሽማግሌዎቹም በየተራ ያንኑ። ከኳየሩ ታግጃለሁ። በሚመጣው ሳምንት እሑድ ጉባኤው ፊት ቆሜ ንስሐ ከገባሁ ግን ወዲያው እመለሳለሁ።

እማዬ አርሲ ነገሌ ሆና ሰምታለች። ሁለት ቃል ተናግሮ መገላገል ምን ይከብዳል አለችኝ በስልክ። ይከብዳል። ያላደረግኩትን አድርጌአለሁ ልበል?

ጥቅምት 10፣ ሰኞ

ሆቴሉ ጋ ደወልኩ። ሥራ አስኪያጁ በጣም ጨዋ ነው። ድምፁ የማንም አይደለም፣ ኮምፒውተር የፈጠረው ነው፣ ማንንም አልነካንም አለኝ። እንግዲህ ለሆቴሉ ድምፁ የኔ አይደለም፤ ለቤ/ክ ደግሞ የኔ ብቻ ነው። ሳቅሁ። ከዚያ አለቀስኩ። ከዚያ ተናደድኩ። ንዴቱ ይሻላል።

ጥቅምት 12፣ ረቡዕ፣ ከሰዓት

ጠበቃ ጫልቱ ቢሮ። አካም ጅርታ ብላ በኦሮምኛ ሰላም አለችኝና ወንበር ሳበችልኝ። ሕጉ የሰውን ፎቶ ያለ ፈቃዱ መነገጃ ማድረግ ይከለክላል አለች። ስለ ድምፅ ግን በግልጽ የሚል ነገር የለም። ሕጉ ሲጻፍ ኤአይ የሚባል ነገር ማን አስቦ! ዳኛው ላይቀበሉን ይችላሉ፤ እስኪቀበሉን እንከራከራለን አለች። ወደድኳት።

ስለ ንስሐው ስነግራት ብዕሯን አስቀመጠች።

«ንስሐ ገባሽ ማለት ዘፈንኩ አልሽ ማለት ነው። ዛሬ ኮምፒውተር ነው ያሉት ሰዎች ነገ እሷው ናት፣ ፈቅዳ ነው የዘፈነችው ይላሉ። ያን ጊዜ ክሳችን አለቀ።»

ጉባኤያችን በኢንተርኔት በቀጥታ ይተላለፋል፤ የሆቴሉ ጠበቃ ስልኩን መክፈት ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ቀጥላ ጠየቀችኝ፤ የተሰረቀው ድምፅ ያንቺ መሆኑን ማን ይመሰክርልሻል?

ባጃጅ ውስጥ ሆኜ በራልኝ። ከሺህ ድምፅ እንለየዋለን ያሉት እነማን ናቸው?

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

እማዬ በሚኒባስ መጣች። ነገ ንስሐ ስገባ አጠገቤ ልትሆን ነው። ያሰብኩትን አልነገርኳትም። ፈርቻለሁ። ኳየሩን ለዘለቄታው ካጣሁ እሑድ እሑድ ምን እሆናለሁ? ከልጅነቴ ጀምሮ ሌላ እሑድ አላውቅም።

ቢሆንም ዘፈንኩ አልልም። አልዘፈንኩማ!

ጥቅምት 16፣ እሑድ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት

ማይኩን ሰጡኝ። ይቅርታ አልጠየቅሁም።

«እኔ አልዘፈንኩም። ድምፁ ግን የኔ ነው፤ እናንተም ለይታችሁ አውቃችሁ ቀጥታችሁኛል። ያንኑ ለዳኛው ንገሩልኝ።»

መጋቢ ማይኩን ሊቀበሉኝ እጃቸውን ዘረጉ። ሰጠኋቸው፤ ጨርሼ ነበር። እገዳው ይቀጥላል ተብሏል፤ እስከ መቼ እንደሆነ አልነገሩኝም።

እማዬ መንገዱን ሁሉ ፊት ፊቴ ሄደች። በራችን ላይ ስንደርስ፣ ለምስክርነት የሚቀርብ ሰው ማንበብ መጻፍ መቻል አለበት ወይ ብላ ጠየቀችኝ። የለበትም አልኳት። ነጠላዋን አስተካክላ ገባች።

ነገ ጠዋት ክሱ ይገባል። መጋቢ ታደሰን በፍ/ቤት መጥሪያ አስጠራቸዋለሁ። እማዬ ያለ መጥሪያ ትመጣለች።